ማዶ ሳይዘጋ ተራራ መዝጋት፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት ተነሣ

በጥር 2008 ዓ.ም፣ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚዘልቀው ደጋ ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ የሦስት ጎጥ ነዋሪዎች ለስብሰባ ተጠሩ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ የጋራ ተራራውን ከልቅ ግጦሽ ነፃ ማድረግ። የግብርና ባለሙያው ስለ አፈር መሸርሸር ካስረዳ በኋላ ወደ አየር ንብረት ለውጥ ተሻገረ። የፓሪሱ ስምምነት ከጸደቀ ገና ወር ከምናምን ቢሆነው ነው፤ ኢትዮጵያም የበኩሏን ቃል እንደገባች ነገራቸው። አንድ አዛውንት ብድግ አሉ። «እንደው ልጄ፣ ሰማዩን ያጨሰው ሌላ፣ ተራራ የሚዘጋው የመንዝ ሰው? እሱስ ይሁን፤ ማዶ ያሉት ሳይዘጉ እኛ ብንዘጋ፣ ሣሩን የሚበላው የማዶ በሬ አይደለም ወይ?»

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። አዛውንቱ ያነሡት ጥያቄ ግን በአገር ደረጃም የሚነሣ ነው፤ ሌላው ሳይንቀሳቀስ አንዱ ብቻውን ቢንቀሳቀስ ትርፉ ምንድን ነው? ቀበሌዋ በኋላ ተራራውን ብቻዋን ዘጋች። በአራት ዓመት ውስጥ የታየው ውጤት ለትልቁ ክርክርም የሚሆን ነገር ስላለው እዚህ ሰፍሯል።

የቦታው ሁኔታ

ተራራው 60 ሄክታር ግድም ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ውርጭ ይመታዋል። አፈሩ ስስ ነው፤ በየቦታው ድንጋዩ አግጥጧል። ነዋሪው በበልግም በመኸርም ገብስ ይዘራል፤ የእጅ ገንዘቡ የመንዝ በግ ነው። እንጨት ስለሌለ ኩበት ይነደዳል፤ ለማሳ መዋል የነበረበት ፋንድያ ምድጃ ውስጥ ያልቃል።

በ2007 የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ የኤልኒኞው ዓመት ስለነበር ክረምቱም አላማረም። ከተራራው ግርጌ ያለው ምንጭ ገና የካቲት ሳይገባ ደረቀ። ቦረቦሩ ደግሞ በየክረምቱ የገብስ ማሳ እየገመሰ ይወስዳል። በዚሁ ዞን አንዲት ጥድ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ ከ1982 ጀምሮ ጎርፍና የአፈር ብክነት የሚለካበት ጣቢያ አለ። ከዚያ ከተገኙት ትምህርቶች ለዚህ ሥራ የጠቀመው አንዱ ይህ ነው፤ በእነዚህ ደጋዎች ብዙው ጎርፍ የሚመጣው አፈሩ ውኃ ከጠገበ በኋላ ነው። ሰኔ ላይ የወረደ ዶፍ ይሰርጋል፤ ያው ዶፍ ነሐሴ ላይ ከወረደ ጠርጎ ይሄዳል። ስለዚህ በሰኔ ዝናብ ተፈትኖ «ያዘ» የተባለ ሥራ ገና አልተፈተነም።

ክርክሩ

ተቃዋሚዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ዋናው መከራከሪያቸው ጓሳ ነው። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ የሣር ምድር ነው፤ አባ ቄራ እየተሾመበት ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በውሳኔ ይከፈታል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ቦታው በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኖ ዳግም የታወቀው በ2000 ዓ.ም ነው። «ጓሳ የተጠበቀው ባለመብቱ ሁሉ በአንድ ደንብ ስላደረ ነው፤ አንድ ጎጥ ተነጥሎ አልጠበቀውም» አሉ። እውነት ነው። ደጋፊዎቹም ያንኑ ጓሳ ጠቅሰው፣ ደንቡን ያወጣው መንግሥት ሳይሆን ባለርስቱ ራሱ እንደነበረ አስታወሱ። ይህም እውነት ነው።

ነገሩን የፈታው የባለሙያው ንግግር ሳይሆን አንዲት የእድር ጸሐፊ ያቀረበችው ጥያቄ ነው። «ማዶ ፈጽሞ ባይዘጋ፣ ዝናቡም እንዳምናው ቢሆን፣ ከዚህ ሥራ የሚቀርልን ምንድን ነው? የማይቀርልንስ?» ብላ ሁለቱን ለይተው እንዲጽፉ አደረገች። ማንም ባይከተል የሚቀረው ሣሩ፣ ማሳው አጠገብ ያለው ቦረቦር መቆሙና የምንጩ ውኃ ነበር። ሌላው ካልተከተለ የማይገኘው ደግሞ የወንዙ ከደለል መጥራትና የዓለም ሙቀት መቀነስ ነው። ቀበሌዋ በመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ተመሥርታ ወሰነች። ሁለተኛው ዓምድ ከተገኘ ምርቃት ነው ተባለ።

ሥሌቱ ይህን ውሳኔ ይደግፋል። ወላይታ ሁምቦ በተፈጥሮ ደን መልሶ ልማት 2,728 ሄክታር ተከልሎ፣ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ይህ በሄክታር በዓመት 11 ቶን ግድም ነው። ውርጫማው የመንዝ ተራራ የዚያን ግማሽ እንኳ ቢይዝ 60 ሄክታሩ በዓመት 300 ቶን ገደማ ነው። የዓለም ዓመታዊ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ከ50 ቢሊዮን ቶን በላይ በሆነበት፣ ይህ በየትኛውም መለኪያ የሚታይ አይደለም። የተያዘው ካርቦን ለሽያጭም አይበቃም፤ ቶኑ በ5 ዶላር ቢሸጥ 1,500 ዶላር ነው፤ የተያዘውን መጠን ሊያረጋግጥ ከውጭ የሚመጣውን ባለሙያ የአውሮፕላን ቲኬትና አበል ከሸፈነ በቃው። በየስብሰባው «የካርቦን ገንዘብ ይመጣል» እየተባለ ለገበሬ የሚነገረው ተስፋ እንዲህ ባለ ትንሽ ተራራ ላይ አይሠራም፤ ባይነገር ይሻላል።

የተሠራው ሥራ

ከጥር እስከ መጋቢት በሕዝብ ጉልበት ትሬንች፣ ማለትም ጎርፍ ይዞ የሚያሰርግ ጉድጓድ፣ ተቆፈረ። የአንዱ ልክ 3 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነው፤ ሲሞላ 750 ሊትር ይይዛል። አፈሩ ወደ ታችኛው ጠርዝ ይደረጋል፤ ጎድጓዱ ላይ ተመልሶ እንዳይናድ አንድ ስንዝር ያህል ይራቃል። መስመሮቹ ይፈራረቃሉ፤ ከላይ በሁለት ትሬንች መካከል ያመለጠ ውኃ ከታች ያለው ትሬንች መሐል ላይ እንዲያርፍ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ተበላሽቶ ነበር። ቡድኖቹ ኮታ ስለተሰጣቸው ቶሎ ለመጨረስ መስመሩን በዓይን አወጡት። በዓይን የወጣ መስመር በገደላማ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ትሬንቹ ሲሞላ ውኃው በመላው ጠርዝ እኩል መፍሰሱ ቀርቶ በዝቅተኛው ጫፍ ብቻ ይወጣል፤ አንድ ቦታ የተጠራቀመው ውኃ ታችኛውን ይሰብራል፤ እሱም ቀጣዩን። በነሐሴ ሁለት መስመሮች እንዲህ ተያይዘው ሄዱና፣ ሥራው ሊዘጋው የታሰበውን የመሰለ አዲስ ቦረቦር ከፈቱ።

በሁለተኛው ዓመት መስመሩ በውኃ ልክ ወጣ። የሚያስፈልገው እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎና ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ባለ አረፋ ውኃ ልክ ነው። ገመዱ በሁለቱም ዘንግ ላይ በእኩል ከፍታ ይታሰራል፤ ውኃ ልኩ የሚሰቀለው ልክ ገመዱ መሐል ላይ፣ 5 ሜትር ላይ ነው። አንዱ ሰው ዘንጉን እንደቆመ ይይዛል፣ ሌላው አረፋው መሐል እስኪገባ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ ሦስተኛው ያነባል። ሁለት ነገር ያሳስታል፤ ውኃ ልኩ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ከሄደና ገመዱ ረጥቦ ከረገበ። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ መለካት የቀረው ለዚህ ነው። ከተራራው ራስ ለሚወጣው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ደግሞ ውኃው ቀስ ብሎ መሄድ ስላለበት 1 በመቶ ተዳፋት ተሰጠው፤ በአንደኛው ዘንግ ላይ ገመዱን 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ማሰር ይበቃል።

በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ተሠራ። ርቀቱ የሚወሰነው በቀላል ሕግ ነው፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ደረጃ ላይ ይዋል። የቦረቦሩ ተዳፋት 10 በመቶ ከሆነና ክትሩ 1 ሜትር ከፍታ ካለው በመካከላቸው 10 ሜትር ይሆናል። ከክትሮቹ የፈረሱት በሙሉ የፈረሱት በጎናቸው ነው። ግንቡ ግራና ቀኝ ግድግዳው ውስጥ ግማሽ ሜትር አልተቀበረም፤ መሐሉም ከጎኖቹ ዝቅ ብሎ ማፋሰሻ አልተተወለትም፤ ውኃው ድንጋዩን ትቶ ለስላሳውን አፈር በላ።

በችግኝ ላይ የደረሰው ኪሳራ የከፋ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት የመጣው ችግኝ አብዛኛው ግራቪሊያ ነው፤ ከወይና ደጋ ችግኝ ጣቢያ የተገኘው እሱ ስለነበር። በሐምሌና በነሐሴ ያማረ መሰለ። በታኅሣሥ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውርጭ ጠቁሮ ደረቀ። ለሪፖርት የሚቆጠረው ግን የተተከለው ቁጥር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ዓመቱ የተሳካ ነበር። በተከታዩ ዓመት ለመኖ የሚሆነው ትሪ ሉሰርን፣ የሐበሻ ጥድና ኮሶ ተተከሉ፤ ጥዱ ራቁት መሬት ላይ ሳይሆን ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ሲተከል የተሻለ ጸደቀ። ያም ሆኖ ተራራውን ያለበሰው የተተከለው ችግኝ አይደለም፤ እንስሳ ስላልረገጠው ብቻ ራሱ የበቀለው ሣርና አስታ ነው።

ደንቡና ቅጣቱ

በመተዳደሪያ ደንቡ ለተገኘ ከብት 20 ብር፣ ለበግ 5 ብር ቅጣት ተቀመጠ። ይህ ክፍል በጣም ከሸፈ። ከብት የበዛላቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ሥሌቱን ቶሎ ደረሱበት፤ በክረምት አንድ ሸክም ድርቆሽ ከ20 ብር በላይ ነው፤ አንድ በሬ ቀኑን ሙሉ በተዘጋ ተራራ ቢውል ትርፍ ነው። እየነዱ አስገቡ፣ እየከፈሉ አስወጡ፤ ቅጣቱ የግጦሽ ኪራይ ሆነ። ድሃው 5 ብሩን ስለሚፈራ በጉን አሥሮ ዋለ። የካርቦን ዋጋ ዝቅ ብሎ በተተመነበት አገር ፋብሪካዎች የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ ከፍሎ ማጨስ ካለማጨስ ከረከሰ ይከፈላል።

ደንቡ ተሻሻለ። ሁለተኛ ጥፋት እጥፍ፣ ሦስተኛ ጥፋት ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን የዚያን ዓመት የሣር ድርሻ ማጣት ሆነ። ለጥበቃው በየቤቱ የሚሰጠው ገብስ በእድሩ በኩል እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ የእድር ዳኛ የሚያስከፍለውን ያህል የቀበሌ ሊቀመንበር አያስከፍልም። የጓሮ ግጦሽ እንኳ የሌላቸው ወጣቶችና ባል የሞተባቸው ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት በጋቸውን ለመሸጥ ተገደው ስለነበር፣ ከሣሩ ክፍፍል በፊት ከላዩ አንድ እጅ ለእነሱ ይነሣ ተባለ። ይህ ባይደረግ ኖሮ ደንቡን ሌሊት የሚያፈርሱት እነሱ በሆኑ ነበር፤ ማንም ሊወቅሳቸውም አይችልም።

ሣሩ በጥቅምት መጨረሻ፣ ዘሩን አራግፎ ሲያበቃ ይታጨዳል። ተራራው በገመድ ተሸንሽኖ በዕጣ ይደርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ቤት 6 ሸክም ደረሰ፤ በሦስተኛው ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ግጦሹ የት ሄደ

ነገሩን ከውጭ ያየ እዚህ ላይ «ተሳካ» ብሎ ሊጨርስ ይችላል። በ2009 ሚያዝያ ላይ የማዶው ቀበሌ ሽማግሌዎች ክስ ይዘው መጡ። ከተዘጋው ተራራ የወጣው መንጋ አልቀነሰም፤ ወንዙን ተሻግሮ እነሱ ተዳፋት ላይ ነው የዋለው። አምና ሣር የነበረበት ዘንድሮ አቧራ ሆኗል። ብቻውን የሚንቀሳቀስ ሁሉ የሚገጥመው ይህ ነው፤ በራሱ መዝገብ ላይ የተቀነሰው ከፊሉ ጎረቤት ላይ ተደምሯል። በሰፊው ዓለምም አንዱ አገር ሕጉን ሲያጠብቅ ሲሚንቶና ብረት ፋብሪካው ሕግ ወደላላበት እንዳይሄድ ይሰጋል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ በነዚህና በመሰል ዕቃዎች ላይ በድንበሩ የካርቦን ክፍያ የጣለው ለዚህ ነው።

ቀበሌዋ ድንበር ላይ የምታስከፍለው የላትም። ያደረገችው መንጋውን መቁጠር ነው። በየጎጡ ስንት ከብትና በግ እንዳለ፣ ታሥሮ በመኖ የሚቀለበው ስንቱ እንደሆነ፣ ወንዝ የሚሻገረው ስንቱ እንደሆነ ተመዘገበ። ከዚያ በሽማግሌ ፊት ውል ተደረገ፤ የኛ ከብት ማዶ አይሻገር፣ ማዶ ያሉት ከተዳፋታቸው ግማሹን ይዝጉ፣ እነሱ ሣር እስኪደርስላቸው ለሦስት ዓመት ከእኛ ሣር ድርሻ ያግኙ። ሁለተኛው አጎራባች ቀበሌ ግን እንቢ አለ፤ እስካሁንም አልገባበትም።

ማዶ ያሉት ለምን ተስማሙ ቢባል፣ የሣሩ ድርሻ አንድ ምክንያት ነው። ከዚያ የበለጠው ግን የተጻፈና የተሞከረ ደንብ ማግኘታቸው ነበር። የቅጣቱን ስሕተት፣ የግራቪሊያውን ኪሳራ፣ በዓይን የወጣውን መስመር ሌላው ከፍሎበት እነሱ ተሻግረውታል። ጀርመን እ.ኤ.አ በ2000 ባወጣችው ሕግ ለፀሐይ ኃይል ውድ ዋጋ ስትከፍል በራሷ ልቀት ላይ ያመጣችው ለውጥ ትንሽ ነበር። ገበያው ሲሰፋ፣ በኋላም ቻይና በብዛት ስታመርት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የፓኔሉ ዋጋ ከ85 በመቶ በላይ ወረደ፤ ዛሬ የመንዝ ሣር ቤት ክዳን ላይ ያለችው ትንሽ ፓኔል የዚያ ውጤት ናት። ቀድሞ መንቀሳቀስ ከሚቆጥበው ቶን ይልቅ፣ ለተከታዩ የሚያረክሰው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የተሳካው ምን ያህል ነው

ቦረቦሩ በላይኛው ክፍል ቆሟል፤ ከክትሮቹ ጀርባ ደለል ሞልቶ ሣር ይዟል። ምንጩ በ2009 እስከ መጋቢት፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እስከ ሚያዝያ ፈሰሰ። ይህን ሁሉ ለከለላው መስጠት ግን ልክ አይደለም፤ የ2008 ክረምት ከቀደመው በእጅጉ የተሻለ ነበር፤ ዝናብ መለኪያ ስላልተተከለ ሁለቱን መለየት አይቻልም። አንድ ዝናብ መለኪያና የምንጩን ውኃ በወር አንድ ጊዜ በባልዲና በሰዓት መለካት ከአንድ መስመር ትሬንች ያነሰ ወጪ ነው። ከሥራው በፊት መጀመር ነበረበት።

ቆጣቢ ምድጃ ማከፋፈሉ በከፊል ሠርቷል። «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚነደውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ለኩበት ሲሆን የእሳት መግቢያው ይጠባል፣ አመዱም ቶሎ ይሞላል። ብዙ ቤት መግቢያውን ሰብሮ አስፍቶታል፤ ሲሰፋ ቁጠባው ይጠፋል።

ወደ አገር ጥያቄ ሲመለስ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2011 ባወጣችው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ መሠረት፣ እ.ኤ.አ በ2010 የለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ከዓለም ልቀት ከ1,000 እጅ 3 እጅ ግድም። ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻና ከደን ነው፤ ማለትም ከከብቱ፣ ከማሳውና ከተቆረጠው ዛፍ። ስለዚህ «እኛ ብንተው ዓለም ምን ይሆናል» የሚለው ሙግት በቁጥር ትክክል ነው። ስሕተቱ ሥራውን በሙሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ነው። ያው የአፈር ጥበቃ፣ ያው የመኖ ሥራ፣ ያው ምድጃ ማንም ባይከተልም እዚሁ ይከፍላል።

አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2021 ያሻሻለችው ዕቅድ የእድሯ ጸሐፊ እንዳደረገችው ሁለት ዓምድ አለው። እ.ኤ.አ በ2030 ምንም ካልተደረገ ልቀቱ 403.5 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፤ ከዚህ 68.8 በመቶ ይቀነሳል ይላል። በራሷ አቅም ያለቅድመ ሁኔታ የምትቀንሰው 14 በመቶውን ሲሆን፣ ቀሪው 54.8 በመቶ የውጭ ድጋፍ ከመጣ ነው። ከተገመተው 316 ቢሊዮን ዶላር ወጪ ውስጥም ከራሷ የሚሸፈነው 20 በመቶው ነው። እንዲህ ለይቶ ማስቀመጥ ልመና አይደለም፤ የትኛውን ለራስ ሲባል፣ የትኛውን በውል እንደሚሠሩ ማወቅ ነው። ክፍፍሉ ከተምታታ ግን ሁለት ጉዳት አለ። ለራስ የሚከፍለው ሥራ «ገንዘቡ ይምጣ» ተብሎ ይቆማል፤ ወይም ሌላው መክፈል ያለበት ሸክም ያለ ካሣ ድሃው ትከሻ ላይ ያርፋል፣ እንደ መጀመሪያው ዓመት ባለበጎች።

ያልተዘጋው ጉዳይ

እንቢ ያለው ቀበሌ ምክንያት አለው። ተዳፋቱ ከወንዙ በላይኛው በኩል ነው፤ ቢዘጋ አብዛኛው ጥቅም የሚወርደው ወደ ታች፣ በመስኖ ሽንኩርት ለሚያመርቱት ቆለኞች ነው። ለራሱ የሚቀርለት ሣር ብቻ ነው፤ ከብቱ ደግሞ ብዙ ነው። የእድሯን ጸሐፊ ዓምድ ለራሳቸው ሲሞሉት የመጀመሪያው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በምክርና በጉብኝት አይገባም፤ ሦስት ጊዜ ተሞክሯል። አሁን በእጅ ያለው ሐሳብ የመስኖ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር ከውኃ መዋጮው ላይ ለላይኛው ቀበሌ የመኖ መግዣ በየዓመቱ እንዲከፍል ነው። ማኅበሩ በመርሕ ደረጃ አልተቃወመም። የሚከራከሩት በመጠኑና ክፍያው ከመዘጋቱ በፊት ይሁን በኋላ በሚለው ላይ ነው።